«እጅ አለኝ!» ባዩ ጋሽ ይመር

ጋሽ ይመር መሞታቸውን የነገረኝ ልጃቸው ጀማል ነው። ጠዋት ሳሊተ ምሕረት ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ ደወለ። «አባዬ ዐረፈ» አለኝ። ነፍስ ይማር የምትለዋን እንኳን በቅጡ ሳልጨርስ ስልኩ ተዘጋ። የምሄድበትን ሥራ ትቼ ወደ ገርጂ ዞርኩ።

እነ ጋሽ ይመር የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። አግዳሚው ላይ ቁጭ ከማለቴ፣ አጠገቤ ያለች ጣቷን በወርቅ ቀለበት የሞላች ሴትዮ ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ፣ «ምን ይደረግ፣ በዘራቸው ነው እኮ» አለች። «አባትየውም፣ ታላቅ ወንድምየውም በዚሁ ነው የሄዱት። እነሱ ቤት ስትሮክ አንዴ ከገባ አያስነሣም።» ጓደኛዋ ከንፈሯን መጠጠች። «በምርመራም ተረጋግጧል አሉ፤ ውጭ አገር ድረስ ተልኮ።»

አስጠላኝ። ያቺን ሴትዮ አውቃታለሁ። ቀለበቷንም አውቀዋለሁ፤ ወጥ ጠጥቶ ጋሽ ይመር አፍ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሁን ደግሞ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥፋቱን ሁሉ ለዘራቸው ሰጥታ ተቀምጣለች። ኤዲያ!

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስትሮክ የጣለውን ሰው ቤቱ ድረስ እየሄድኩ እጅና እግሩን እንደገና ማሠራት ነው ሥራዬ። ብዙ በሽተኛ አልፎብኛል፤ ስሙን የረሳሁት ይበዛል። ጋሽ ይመርን ግን ልርሳቸው ብልም አይሆንልኝም።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ሳሎኑ በጠያቂ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሳቸው ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፈው ወደ አንድ ጎን ጋደል ብለዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ነው የሚመስለው። ሴትዮዋ፣ ይህችው ባለ ቀለበቷ፣ ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ፣ ጋሼ፣ በሞቴ!» ትላለች፤ ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ደግሞ ጠቅልሎ ተራውን ይጠብቃል። የፊተኛው ሳይዋጥ ሁለተኛው ከንፈራቸው ላይ ደርሷል። ወጡ በተጣመመው የአፋቸው ጥግ በኩል ወርዶ፣ አገጫቸውን አልፎ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን አበላሽቶታል። ሰውዬው ጣቱን ልሶ በዚያው ጣት ሌላ ሲጠቀልል አየሁ። ቀፈፈኝ።

እሳቸው አፋቸውን ግጥም አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና «ኤጭ!» አሉ። ምላሳቸው ያን ጊዜ ገና ይያዝ ነበር፤ ይህቺ ቃል ግን ጥርት ብላ ወጣች። እኔም የዚያን ዕለት ወደድኳቸው። ሰው ሁሉ አዝኖላቸው ሲርበተበት፣ በዚያ ቤት ውስጥ የሚያስጠላው ነገር ያስጠላው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«በቃ፣ ተነሡልኝ!» አልኩ ጠያቂዎቹን። «በሽተኛ ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት ወይስ ጆንያ ልትሞሉ?» እያጉረመረሙ ወደ በረንዳው ወጡ። የጋሽ ይመር ባለቤት እትዬ ዘምዘም አፍረው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«እትዬ፣ ይስሙኝ» አልኳቸው። «የጋሼ መዋጫ ገና አልበረታም። ቀጥ ብለው ሳይቀመጡ ከበሉ፣ የጎረሱትን ሳይውጡ ከተጨመረባቸው፣ ምግቡ መንገዱን ስቶ ሳንባቸው ውስጥ ይገባል። ሳንባ ውስጥ የገባ ምግብ ሰው ይገድላል። ትንሽ ትንሽ፣ ቀጥ ብለው፣ በራሳቸው እጅ።»

«በራሳቸው እጅ? በየትኛው እጃቸው ልጄ? ቀኙ ሞቷል። በግራ ደግሞ አይበላ ነገር፣ ነውር ነው።»

«በቀኙ ነዋ።»

ጋሽ ይመር ቀስ ብለው ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ ማነሽ?»

«እጅዎን ላሠራ የመጣሁ ነኝ።»

«መካኒክ ነሽ በይኛ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ መካኒኳ ሆነ። ሌላው ቤት ሁሉ «ሲስተር» ሲለኝ እናደዳለሁ፤ መካኒክ መባል ግን ደስ አለኝ።

ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው፣ የጭነት መኪና ረዳት ሆነው፣ በኋላ እዚያው ገርጂ የመለዋወጫ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሱቃቸውን ያየ ሰው የሚያወራው አንድ ነገር አለ። ደንበኛ ርካሹን የፍሬን ሸራ ልግዛ ካለ ከእጁ ላይ ይቀሙታል። «ይሄ ለግድግዳ ጌጥ ነው፤ ልጆች የሉህም እንዴ?» ብለው ያባርሩታል። ተሳዳቢ ናቸው፤ ግን ስድባቸው ሰው ያተርፋል።

ግራ እጃቸው ደህና ነው፤ በግራ ብሉ ቢባሉ ግን ሞታቸው ነው። «ፈጣሪ በቀኝ የሰጠኝን በቀኝ እበላለሁ፣ ካልሆነም ልራብ» አሉ። እልሃቸው ጠቀመኝ። የስፖንጅ ቁራጭ በጉርሻ ልክ እየቆረጥኩ ትሪ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እሳቸው በዚያ በማይታዘዝ እጅ ሊይዙት ይታገላሉ። ላባቸው ጠብ ይላል፤ ስፖንጁን ይሰድቡታል፤ እኔን ይሰድቡኛል። ስፖንጁን ስንጨርስ ደረቅ እንጀራ፣ ከዚያ እንጀራ በሽሮ። ሽሮው እኔ ስለምጾም ነበር፤ እትዬ ዘምዘም ረቡዕና ዓርብ ለእኔ ብለው ይሠሩት ነበር።

«ዛሬ አውራ ጣትዎ እንዴት ነው?» ስላቸው፣ «ገና ጅቡቲ ነው» ይሉኛል። «ኮንቴይነሩ አልወረደም።» አንድ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት ከውስጥ ጮኹ፤ «መካኒኳ! ድንበሩን፣ ጋላፊን አለፈ!» ሮጬ ገባሁ። አውራ ጣታቸው ትንሽ፣ እንደ ትል፣ ነቅነቅ አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቷል» አሉኝ። ሌባ ጣታቸው አሻፈረኝ ሲል፣ «ጉምሩክ ይዞታል፤ ቀረጥ ጨምሩ እያለ ነው» ብለው ስፖንጁን እንደገና ያነሣሉ። ቀረጥ የሚሉት ልምምዱን ነው። ለጉድ ይከፍሉ ነበር።

ጠያቂ ግን አልቀረም። ሰው ሲታመም ባዶ እጅ አይኬድም፣ ከተኬደም ሳያጎርሱ አይወጣም፤ ምን ይባላሉ? አንድ ቀን በራሳቸው እጅ እየበሉ ሳለ ባለ ቀለበቷ ገባች። ግማሹ አፋቸው፣ ግማሹ ጭናቸው ላይ ነው፤ ሽሮው እስከ ክርናቸው ወርዷል። ሴትዮዋ ፊቷን አጨማደደች፤ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ወዲያው ደግሞ «ውይ፣ አንጀቴን በሉት፣ ምን አሠቃያቸው!» ብላ እጃቸውን ያዘች፤ ልታጎርስ። ያ ሁሉ ጊዜ የተለፋበትን እጅ ጭብጥ አድርጋ ጭናቸው ላይ መለሰችው።

«ልቀቂኝ! እጅ አለኝ!» ብለው ጮኹ። «እጅ አለኝ! የቀፈፈው ይውጣ!»

እትዬ ዘምዘም አለቀሱ፤ ሴትዮዋ ተቀይማ ወጣች። ጋሽ ይመር የወደቀውን እንጀራ ከጭናቸው ላይ ለማንሣት ሦስቱን ጣታቸውን ሲያንቀጠቅጡ ቆዩና አነሡት፤ ጎረሱት። እኔ ደግሞ ዘወር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ፤ እኔን የማላለቅሰዋን አስለቀሱኝ።

አንድ ዓርብ ልምምዱን ጨርሰን ልነሣ ስል «ቁጭ በይ» አሉኝ። ከትሪው ላይ ቆረሱ። ጠቀለሉ አልልም፤ አዳፍነው ያዙት። ሽሮ አጠቀሱበትና ክንዳቸውን ማንሣት ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ትከሻቸው አብሮ ይነሣል፤ ምላሳቸው በጥርሳቸው መሀል ወጥቷል። ወደ እኔ እየመጣ መሆኑ ሲገባኝ ላግዝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ንኪኝና እሰድብሻለሁ!»

ዝም ብዬ አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። መጀመሪያ አገጬን አገኙት፣ ቀጥሎ አፍንጫዬን። ሽሮው ነጭ ጋወኔ ላይ ጠብ ጠብ አለ። መጨረሻ ላይ ግማሹ አፌ ገባ። ለብ ብሎ፣ ተጨማዶ፣ በላብ ርሶ። ከሌላ ሰው እጅ ቢሆን እተፋው ነበር። ዋጥኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ዕቃው ገርጂ ገባ። ሱቅ መደርደር ብቻ ነው የቀረን።»

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሲያንገሸግሸኝ ይኖራል።

ጀማል ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ፎቆች ባንዱ ነው የሚሠራው። ደግ ልጅ ነው፤ አባቱን ይወዳል፤ ለእኔም የሚከፍለኝ እሱ ነበር። ካፌ ጠራኝ። ቡናውን እያማሰለ፣ «ሪያሊስቲክ እንሁን» ብሎ ጀመረ። እኔ ሪያሊስቲክ እንሁን የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የሚከተለው ደህና ነገር ሆኖ አያውቅም።

አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ አግኝቷል፤ መስታወት በመስታወት፣ ገና በሩ ላይ ሽቶ የሚረጭ። የአባቱን ምራቅ ለጂን ምርመራ ነው ብሎ ወስዶ ሰጥቷል፤ ምራቁ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ መጥቷል። ሱፍ የለበሰ አስረጂ ቁጭ አድርጎ አስረድቶታል።

«አባዬ ያለው ጂን ቶሎ የማይድኑ ሰዎች ጂን ነው» አለኝ።

«ቶሎ ነው ያሉህ ወይስ ጨርሶ?»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም!» አልኩ፤ ካፌው ዞሮ አየን። «ስማኝ ጀማል። እንዲህ ያለ ጂን አለ፤ ውሸት አይደለም። አንጎል ከተጎዳ በኋላ አዲስ መንገድ መቀየሱ አንዳንዱ ሰው ላይ ዘገም ሊል ይችላል። ግን እሱ ብዙ ሰው ተጠንቶ በአማካይ የሚታይ ነገር ነው፤ የአንተ አባት ይነሣል አይነሣም ብሎ የሚፈርድ አይደለም። ዘገምተኛ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ብዙ ማሠራት ነው፤ ማስተኛት አይደለም። ደግሞ ሰውዬው በእጁ እየበላ ነው እኮ! ከዓይንህ ይልቅ ምራቁን ነው የምታምነው?»

«አያቴም አልተነሣ። አጎቴም አልተነሣ። ቤታችን ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ እናቴም ሁሌ ትለዋለች፤ አሁን ሳይንሱም አለው።»

«አጎትህን ማን አሠራው?»

ማንኪያውን አንሥቶ ቡናውን እንደገና አማሰለ።

«ማንም አላሠራውም። አስተኝታችሁ አጎረሳችሁት። አይደለም?»

«በፍቅር ነው የያዝነው!» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «አባዬ ላቡ ጠብ እያለ፣ ሽሮ እየተደፋበት፣ እንደ ሕፃን ሲሆን ማየት አልችልም። የማይድን ከሆነ ለምን ይሠቃያል? ይረፍ። አንቺም እስካሁን ለደከምሽው እናመሰግናለን።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእሱ ግን እንዳትነግሪው። ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።»

ያንን ክሊኒክ በመንገድ ሳልፍ እስከ ዛሬ ምራቄን እንትፍ ያሰኘኛል። ይዘገያል የሚለውን ወሬ ለቤተሰብ በወርቅ ወረቀት ጠቅልሎ ሸጦ፣ ከዚህ በኋላ ምን አድርጉ ሳይል፣ በሩን ከፍቶ «ቻው» ብሎ ይሸኛል። ዘራችን ነው እያለ ሲፈራ ለኖረ ቤት ደግሞ ከዚህ በላይ የሚጥም ወሬ የለም። ማን ይለፋል ታዲያ? በዘር ያመካኘ ሰው ለመተኛት ፍራሽ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይኸው ነው የሚያስጠላኝ፤ ክፋት ቢሆንስ ደህና፣ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብርቱካን ይዤ እንደ ጠያቂ ሄድኩ። ሶፋው ላይ የሉም፤ መኝታ ቤት ነው ያሉት። በጀርባቸው ተኝተዋል። እትዬ ዘምዘም ራስጌያቸው ቁጭ ብለው ያጎርሷቸዋል። ክፍሉ የታፈነ፣ የቆየ ወጥና የላብ ሽታ አለው። እያንዳንዱን ጉርሻ ሲውጡ ደረታቸው ውስጥ የሚንኮሻኮሽ እርጥብ ሳል ይከተላል። ቀኝ እጃቸው ተኮማትሮ ደረታቸው ላይ ታጥፏል፤ ጣቶቹ መዳፋቸውን ቆንጥጠው ይዘዋል። ያን ሳል አውቀዋለሁ፤ ምግብ መንገዱን ሲስት የሚመጣ ነው።

«መካኒኳ» አሉ ሲያዩኝ። «ምነው ጠፋሽ? ሥራ ጀምረሽ ትተሽ ትሄጃለሽ እንዴ?»

እትዬ ዘምዘም በዓይናቸው ለመኑኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለው ልመና ደስ አይለኝም። እሳቸው እኔ የተውኳቸው መስሏቸው ይሙቱ?

«አልተውኩዎትም ጋሼ። አትምጪ ተባልኩ» አልኩ። «ምራቅዎ ተመርምሮ ቶሎ የማይድን ሰው ነው አሉ።»

«ያረቢ!» አሉ እትዬ ዘምዘም፤ ጉርሻው ከእጃቸው ወደቀ።

ጋሽ ይመር ጣሪያውን አዩ። «ምራቄ ነው እንዲህ ያለው?»

«አዎ።»

«ለእኔ ሳይነግረኝ ለፈረንጅ ነገረ?» ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። ሳሉ እስኪለቃቸው ጠበቅኩ። «መካኒኳ፣ ዕቃው ይዘገያል ነው ያሉት ወይስ ሰምጧል?»

«ይዘገያል ነው።»

«ታዲያ ምን አስቸኮላቸው?» አሉ። ከዚያ የተኮማተረውን እጃቸውን አዩትና ፊታቸው ተለወጠ፤ ያን ያህል የመረረው ፊት አይቼ አላውቅም። «ገርጂ ከገባ በኋላ መልሰው ጅቡቲ ላኩት። ኤጭ! አስቀምጡኝ!»

ልይዛቸው ስል ጀማል ከሥራ ገባ። የሆነውን እናቱ እያለቀሱ ነገሩት። «ጨካኝ ነሽ» አለኝ። «ለበሽተኛ ይነገራል? ነውር አታውቂም?» ክንዴን ይዞ ወደ በሩ መራኝ። «ተኝቶ እንዳይበላ ጀማል! ሳሉን ስማው! ሐኪም ቤት ውሰደው!» እያልኩ ነው የወጣሁት። ደረጃው ላይ ሆኜ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። «አስቀምጡኝ! እጅ አለኝ!» ከዚያ ሳሉ።

ሲደክማቸው ጊዜ ነው ሐኪም ቤት የወሰዷቸው። ሳንባቸው ነበር። ይህን ጀማል ራሱ ድንኳኑ ውስጥ እጄን ሲጨብጥ ነገረኝ። «ሳንባው ላይ ወጣበት» አለ፤ ወደ ሳንባው የገባውን ማን እንዳስገባው ግን አልጠየቀም። «በዘራችን ነው መቼም፤ አንቺ የቻልሽውን አድርገሻል።» እኔ ምን ልበል? አንድ ቃል ከአፌ ከወጣ ድንኳኑን የምገለብጠው መሰለኝ። እጄን ከእጁ አወጣሁ።

ምግብ ቀረበ፤ ጎረቤት የሠራው ሽሮና ምስር። ትሪው ፊቴ ተቀምጦ እጄ አልነሣ አለኝ። እትዬ ዘምዘም አዩኝ። ከሴቶቹ መሀል ተነሥተው፣ ዓይናቸው በልቅሶ አብጦ፣ እየተጎተቱ መጡ። አልተቆጡኝም። ቂም የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ ይህም ባሰብኝ። ጎንበስ ብለው ከትሪው ላይ ቆረሱ፣ ሽሮ አጠቀሱ፣ በእነዚያ በተለማመዱ ጣቶቻቸው ጥብቅ አድርገው ጠቀለሉና ወደ አፌ አመጡት።

«ምንም አልቀመስሽም እኮ ልጄ። ይወድሽ ነበር። በሞቴ፣ እንቺ፣ በሞቴ!»

ባለ ቀለበቷ በደግነታቸው ከንፈሯን መጠጠች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እያየኝ ነው። ሽሮው ከንፈሬን ነካ፤ ሽታው ያንን ዓርብ አመጣብኝ፤ አገጬ ላይ፣ አፍንጫዬ ላይ፣ ጋወኔ ላይ።

ፊቴን መለስኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ እጃቸውን ያዝኩና ጉርሻውን ከጣቶቻቸው ላይ ወሰድኩት።

«እጅ አለኝ፣ እትዬ ዘምዘም» አልኳቸው።

አወቁት። የጋሼ ቃል መሆኑን አወቁት። ባዶ እጃቸው እፊቴ እንደተዘረጋ ቀረ፤ እንደ ጋሼ እጅ ጨብጦ ጭናቸው ላይ የሚመልሰውም ሰው አልነበረም።